የመዛኙ ዕዳ

ለአንድ ልጅ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ይሰጠውና «ሰው ሣል፤ የቻልከውን ያህል አሳምረህ ሣል» ይባላል። ልጁ ይሥላል። ሲጨርስ ፈታኙ ወረቀቱን ወስዶ መቁጠር ይጀምራል፤ ዓይን አለው፣ አንድ ነጥብ፤ አንገት አለው፣ አንድ ነጥብ፤ ጣቶቹ አምስት ናቸው፣ ሌላ ነጥብ። ፍሎረንስ ጉድኢናፍ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣችው ይህ ፈተና 51 ነጥቦች ነበሩት። ድምሩ ከልጁ ዕድሜ ጋር ይነጻጸርና የማሰብ ችሎታው ይህን ያህል ነው የሚል ቁጥር ይወጣል። ፈተናው ማንበብም መናገርም አይጠይቅም፤ ከወረቀትና ከእርሳስ በቀር ወጪ የለውም። ስለዚህም ለማንኛውም አገር ልጅ የሚሆን ሚዛን የተገኘ መሰለ።

ሚዛኑ ሱዳንም ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1964 ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማሊክ በድሪ ከአሜሪካዊው ዌይን ዴኒስ ጋር በመሆን በሱዳን ስለተሣሉ የሰው ሥዕሎችና ከዘመናዊ ኑሮ ጋር ስላላቸው ግንኙነት አንድ አጭር ጥናት አሳተመ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ከዘመናዊው ኑሮ ጋር ይበልጥ የተዋወቀ ማኅበረሰብ የሚሥለው ሰው ይበልጥ ነጥብ ያገኛል። ሥዕል ባልተሰቀለበት ቤት፣ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ በማይገለጥበት መንደር ያደገ ልጅ እርሳስ ሲጨብጥ የሚያወጣው ሰው ጣት ይጎድለዋል። የልጁ የገዛ እጅ ግን አምስት ጣት አለው፤ በእነዚያ ጣቶች ከብት ያልባል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ገንዘብ ይቆጥራል። እንግዲህ ነጥቡ የለካው ምንን ነው? የልጁን አእምሮ ነው ወይስ ልጁ ከወረቀቱ ያለውን ርቀት?

ይህ ጥያቄ ለምሁራን ብቻ የሚተው አይደለም። ልጁ «ትምህርት አይገባውም» የተባለበት ወላጅ ሁሉ ሳያውቀው ይጠይቀዋል። የባዕድ አገር ነዋሪ ለሆነ ወላጅ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ የልጁ ቋንቋ አንድ፣ የመንገዱ ቋንቋ ሌላ፣ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ሦስተኛ ሆኖ ሳለ ፈታኙ የሚመጣው አንድ ሚዛን ብቻ ይዞ ነውና።

የዚህ ዓይነቱ ፈተና አጀማመር ከክፉ ሐሳብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1904 የፈረንሳይ የትምህርት ሚኒስቴር በመደበኛው ክፍል መከተል ያቃታቸውን ልጆች ጉዳይ የሚያጠና ኮሚሽን አቋቋመ። ከዚያ በፊት የልጁን ዕጣ የሚወስነው የመምህሩ ግምት ወይም የሐኪሙ ዓይን ነበር። አንዱ የሚረብሸውን ልጅ «ደካማ» ብሎ ያስወጣል፤ ሌላው የሀብታምን ልጅ አፍሮ ይተዋል። አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 ያወጣው 30 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ ይህን የዘፈቀደ ፍርድ ለማስቀረት የታሰበ ነበር። ቢኔ የልጅን የማሰብ ችሎታ ጨርሶ የማይለወጥ መጠን አድርጎ መቁጠርን ተቃውሟል፤ ወደ ኋላ ለቀሩት ልጆችም ትኩረትን፣ ትውስታንና ፍርድን የሚያጠነክሩ ልምምዶች አዘጋጅቷል። ለእርሱ መለካት የማስተማር የመጀመሪያ እርምጃ ነበር እንጂ የመጨረሻ ቃል አልነበረም። በ1911 ሞተ።

መለኪያው ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ ሌላ ሥራ ተሰጠው። ወደ አሜሪካ የወሰደው ሄንሪ ጎዳርድ በ1913 ረዳቶቹን ኤሊስ ደሴት ወደተባለው የስደተኞች መግቢያ ልኮ ከመርከብ የሚወርዱ ሰዎችን አስፈተነ። ከተመረጡት መካከልም አብዛኞቹን «አእምሮ ደካማ» ሲል መዘገባቸው። ሳምንታት በባሕር ላይ ሲንገላታ የሰነበተ፣ አስተርጓሚ በመካከል የቆመበት፣ ምናልባትም እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ ገበሬ ነበር የተመዘነው። በፓሪስ ልጅን ለመርዳት የተሠራው ሚዛን በኒው ዮርክ ሰውን ለመመለስ ዋለ። ሚዛኑ ያው ነው፤ ያልተመሳሰለው የመዛኙ ዓላማ ነው።

ስለ ስደተኛና ስለ ሚዛን ከተነሣ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ የተነሡትን የቤተ እስራኤል ልጆች ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ከጎንደርና ከትግራይ በእግር ተጉዘው፣ በገዳሪፍ አካባቢ በነበሩት መጠለያዎች ወላጅና ወንድም ቀብረው፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በነበሩት ሌሊቶች በካርቱም በኩል በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ ከጠበቋቸው ነገሮች አንዱ ፈተና ነበር። ከፈተናዎቹም የታወቀው የራቨን የሥዕል ረድፍ ነው፤ ቃል የለበትም፣ የተደረደሩ ቅርጾች አሉ፤ በታችኛው ቀኝ ጥግ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ የሚሞላውን መምረጥ ነው። ልጆቹ ያገኙት ነጥብ ዝቅተኛ ነበር። ቁጥሩ ብቻ ቢታመን ኖሮ ለአንድ ትውልድ ሙሉ ፍርድ ይሰጥ ነበር።

በዚያ አገር የነበረው ሩቨን ፎየርስታይን ግን ቁጥሩን እንዳለ አልተቀበለም። ከ1921 እስከ 2014 የኖረው ይህ የሩማንያ ተወላጅ ቀደም ሲል ከናዚ እልቂት ከተረፉ ልጆችና ከሞሮኮ ከመጡ ልጆች ጋር ሠርቶ ነበር። በዘዴው ፈታኙ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በመጀመሪያ ይፈትናል፤ ቀጥሎ ያስተምራል፤ ረድፍ እንዴት እንደሚነበብ፣ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ እንዴት እንደሚነጻጸሩ፣ ከመመለስ በፊት ለምን ማሰብ እንደሚያስፈልግ ያሳያል፤ ከዚያ ደግሞ ይፈትናል። የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነጥብ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለውን ጉዞ ነው። ካኒኤል፣ ጹሪኤልና ፎየርስታይን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1991 ባወጡት ጥናት በአዳሪ ትምህርት ቤቶች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከትምህርቱ በኋላ ውጤታቸው በእጅጉ ከፍ ብሎ ተገኘ። በ1999 ጹሪኤልና ካውፍማን የአንደኛ ክፍል ልጆችን እዚያው ከተወለዱ እኩዮቻቸው ጋር ሲያነጻጽሩም በመጀመሪያው ፈተና ሰፍቶ የታየው ልዩነት ከማስተማሩ በኋላ በጣም ጠበበ። ዘዴውን የሚነቅፉ አሉ፤ በፈተናው ላይ የታየው መሻሻል ሁልጊዜ ወደ ሒሳቡና ወደ ንባቡ አይሻገርም ይላሉ፤ ነቀፋውም መሠረት አለው። ይሁንና አንድ ነገር ተረጋግጧል። የመጀመሪያው ቁጥር የልጆቹ ጣሪያ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ አንድ ልጅ ይታሰብ። በካርቱም ዴም ወይም ጅሬፍ ያደገ፣ እናቱ ቡና አፍልታ የምትሸጥ ወይም በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ነው። በቤት አማርኛ ይናገራል፤ በመንገድ የካርቱምን ዐረብኛ እንደ ሰፈሩ ልጅ ይመልሳል፤ በትምህርት ቤት ደግሞ ከመንገዱ ዐረብኛ የተለየውን የመጽሐፍ ዐረብኛ ይማራል፤ እንግሊዝኛም ይጨመርበታል። እናቱ ክሊኒክ ስትሄድ የሚያስተረጉምላት እርሱ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ስትጠራም እንዲሁ። ሐኪሙ የተናገረውን ሰምቶ፣ እናቱን እንዳያስደነግጥ አለስልሶ፣ ነገር ግን የመድኃኒቱን ሰዓት ሳይስት ያስተላልፋል። ይህ ልጅ በክፍል ውስጥ ንባብ ይዘገይበታል። መምህሩ «ይህ ልጅ ችግር አለበት» ይላል። ሊኖርበት ይችላል፤ ላይኖርበትም ይችላል። እንዴት ይታወቃል?

በአማርኛ ፊደል ይጀመር። 33ቱ ሆሄያት በሰባት ሰባት ቅርጽ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ልጅ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከያዘ በኋላ ግን አብዛኛውን እንደተጻፈ ያነባል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ የሚያምታታ ልጅ ታሞ አይደለም፤ ብዙ ጋዜጣም ያምታታል። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ በጽሕፈት ስለማይለይ «ገና» የሚለውን ቃል በመጀመሪያ ዕይታ የሳተ ልጅም ከዐረፍተ ነገሩ መረዳት ገና አልተለማመደ ይሆናል። ዐረብኛው በተቃራኒው ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ፊደሉ እንደ ቦታው ቅርጹን ይለዋውጣል፤ አጫጭር አናባቢዎቹ ልጁ ክፍል ሲጨምር ከመጽሐፉ ይጠፋሉ። አኃዙ እንኳ ወጥመድ አለው፤ በሱዳን የዐረብኛ መጻሕፍት አምስት የሚጻፈው ክብ ሆኖ ነው፤ በአማርኛ ትምህርት ቤት ያ ክብ ዜሮ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወረ ልጅ ሒሳቡን አውቆ ቁጥሩን ሊስት ይችላል። እውነተኛው የንባብ ችግር፣ ዲስሌክሲያ የሚባለው፣ እንደ ፊደሉ ጠባይ መልኩን ይለውጣል። አጻጻፉ ከድምፁ በሚርቅ እንደ እንግሊዝኛ ባለ ቋንቋ ልጁ ቃሉን ይስታል፤ ድምፅና ፊደል በሚስማሙበት ጽሕፈት ግን ብዙ ጊዜ በትክክል ያነባል፣ ነገር ግን በጣም ይዘገያል። ስሕተት ብቻ የሚቆጥር ፈታኝ ይህን ልጅ ሳያየው ያልፋል፤ ፍጥነት ብቻ የሚቆጥር ደግሞ ቋንቋ የለወጠውን ልጅ ሁሉ በሽተኛ ያደርጋል።

በቃል የሚቀርቡት ጥያቄዎችም ከዚህ አያንሱም። «ጀበና፣ ሲኒ፣ ሙቀጫ፣ ቡና፤ የማይመደበው የቱ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ፈታኙ የሚጠብቀው «ቡና» የሚለውን ነው፤ ሌሎቹ ዕቃዎች ናቸውና። የቡና ሻጯ ልጅ ግን «አንዱም አይወጣም፤ ያለ ቡና ጀበናው ምን ያደርጋል?» ይላል። አሌክሳንደር ሉሪያ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኡዝቤኪስታን መዶሻን፣ መጋዝን፣ መጥረቢያንና ግንድን ለገበሬዎች አቅርቦ የሰማው መልስ ከዚህ ጋር አንድ ነው። መልሱ ማሰብ የጎደለበት አይደለም፤ ትምህርት ቤት የሚያስለምደውን አመዳደብ አልተከተለም እንጂ። የጨዋ ልጅ ዝምታም አለ። ታላቅ ሲናገር ዓይን ዓይኑን አትይ፣ ሳትጠየቅ አትናገር፣ አጭር መልስ ስጥ ተብሎ ያደገ ልጅ፣ «ሌላስ ምን ታውቃለህ?» ሲባል ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በሰዓት ቆጣሪ በሚሰጠው የፈተና ክፍል ደግሞ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እየተባለ ያደገው ልጅ ረጋ ብሎ ሲያስብ ሰዓቱ ያልቅበታል። (ምግቡንም መዘንጋት አይገባም፤ በባዶ ሆድ የተፈተነ ልጅ የሚለካበት ረሃቡ ነው።)

ቋንቋው ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት በካሊፎርኒያ በፍርድ ቤት ታይቷል። በ1970 «ዳያና» በሚል ስም በሚታወቀው ክስ፣ በቤታቸው ስፓኒሽ የሚናገሩ ዘጠኝ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ዘገምተኞች ክፍል ተመድበው ነበር። በራሳቸው ቋንቋ እንደገና ሲፈተኑ አብዛኞቹ ከዚያ ክፍል ወሰን በላይ ሆነው ተገኙ። ክሱ በስምምነት ሲያልቅ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጭምር እንዲፈተኑ ተወሰነ። በካርቱምም ምሁራኑ የራቨንንና የዌክስለርን ፈተናዎች ለሱዳናውያን ለማስማማት ደክመዋል። በ1987 እና በ2007 በሱዳን የተሰጡ የዌክስለር ፈተናዎችን ያነጻጸረ፣ በ2009 የታተመ ጥናትም አጠቃላይ ነጥቡ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። የሰው ዘር በሃያ ዓመት አይለወጥም፤ የተለወጠው ትምህርቱ፣ ከተማው፣ የወረቀቱ ልማድ ነው። ነገር ግን ለሱዳናዊ የተስማማ ሚዛን በካርቱም ለሚያድግ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ተስማማ ማለት አይደለም።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ፈተናው ይቅር» ቢል አይፈረድበትም። ግን ፈተና ባልነበረበት ዘመን ልጆች ሳይፈረጁ ኖረዋልን? የቄስ ትምህርት ቤት አንድ ታላቅ ጥበብ ነበረው፤ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ እርምጃ ይሄዳል። አንዱ ከፊደል ሳይወጣ ሌላው ዳዊት ይደግማል፤ ክፍል መድገም የሚባል ውርደት የለም። የሱዳን ኸልዋም እንዲሁ ነው፤ ልጁ የእንጨት ሉሁን አጥቦ የሚቀጥለውን የሚጽፈው የቀደመውን ሲይዝ ነው። ይህ ጥበብ ግን ከአለንጋ ጋር አብሮ ይኖር ነበር። ትምህርት አልገባ ላለው ልጅ አብሾ የሚሰጥበት ልማድም ነበር፤ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣው ይህ መርዛም ተክል ልጁን ሊያሳብደው ይችል ነበር። እንግዲህ ያ ኅብረተሰብም መርምሯል፣ ፈርዷል፣ መድኃኒት አዝዟል፤ ምርመራው ግን አልተጻፈም፣ ይግባኝም አልነበረውም። «ሰነፍ»፣ «ደንቆሮ»፣ «ልቡ የተደፈነ» የሚሉት ቃላት ከማንኛውም ቁጥር ያላነሱ ማኅተሞች ናቸው። ፊደላቱ የሚደባለቁበት ልጅ፣ ጆሮው በከፊል የማይሰማ ልጅ፣ መነጽር ብቻ የሚያስፈልገው ልጅ፣ ሁሉም በአንድ አለንጋ ተገርፈዋል። በጥንቃቄ የተደረገ ምርመራ እነዚህን ለያይቶ «ይህ ልጅ አልሰነፈም» ማለት ይችላል። ለአንዳንድ ልጅ በሕይወቱ የሰማው የመጀመሪያ ምሕረት ይህ ቃል ነው።

ፈተና ከልጁ ላይ ጥፋትን አንሥቶ ወደ ትክክለኛው ቦታ የሚመልስበትም ጊዜ አለ። በ2010 በኢትዮጵያ በተለያዩ ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከሦስት ልጆች አንዱ የአእምሮ ችግር አለበት የሚል ጤነኛ ሰው አይኖርም። ያ ቁጥር የተናገረው ስለ መጽሐፍ እጥረት፣ ስለተጨናነቀ ክፍልና ስለ መምህራን ሥልጠና ነው። ባይለካ ኖሮ ወላጆች ሁሉ በየቤታቸው የገዛ ልጃቸውን ሲወቅሱ ይኖሩ ነበር።

ስለዚህ ክርክሩ በመለካትና ባለመለካት መካከል መሆኑ ይቀራል። ሥነ ምግባራዊው ጥያቄ መዛኙ ከመዘነ በኋላ ምን ዕዳ አለበት የሚለው ነው። ነጋዴ እህል መዝኖ ዋጋውን ተናግሮ ቢሄድ እህሉ አይጎዳም። ልጅ ግን የተነገረበትን ይሰማል፤ መምህሩ ይሰማል፤ እናቱም ትሰማለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱም ሌላ ሰው ይሆናሉ። ልጅን መመዘን በራሱ በልጁ ላይ የሚደረግ ድርጊት ነው። ያደረገው ሰው ደግሞ ድርጊቱ ስላስከተለው ይጠየቃል። የሚረዳው መምህር፣ የሚለወጥ የማስተማሪያ ዘዴ፣ የሚጨመር ሰዓት በሌለበት ቦታ ለልጅ ስም ብቻ ሰጥቶ መሄድ፣ ስሙ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ በደል ነው። በዚህ ረገድ ከሐኪም ጋር ማነጻጸር አያዋጣም፤ መድኃኒት የሌለው በሽታ ስም ቢወጣለት ቢያንስ ለታማሚው ዕረፍት ይሆናል ይባል ይሆናል፤ በትምህርት ቤት ግን «አይችልም» የሚለው ስም ራሱ ልጁን እንዳይችል ያደርገዋል፤ መምህሩ ከእርሱ ጥያቄ መጠየቅ ያቆማልና።

ማሊክ በድሪ በ1979 ባሳተመው «የሙስሊም የሥነ ልቦና ምሁራን አጣብቂኝ» በተሰኘው መጽሐፉ የምዕራቡን ሥነ ልቦና ሳያላምጡ የሚውጡ ባልደረቦቹን ነቅፏል። በ2021 እስኪሞት ድረስ ከዚህ ሐሳብ አልራቀም። መጽሐፉ የተጻፈው ከአንድ እምነት ውስጥ ቆሞ ቢሆንም ጥያቄው ለሌላውም ይሠራል፤ የተዋሱትን መሣሪያ ከመጠቀም በፊት ለማን እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። አስደናቂው ነገር በድሪ ሥነ ልቦናን አለመተዉ ነው። መሣሪያውን አልሰበረም፤ የሚይዘውን እጅ ተቆጣ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በዴምና በጅሬፍ ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በገላባትና በመተማ በኩል ወጡ፤ ሌሎች ወደ ገዳሪፍ ወይም ወደ ፖርት ሱዳን ሄዱ፤ መውጫ ያጣም በዚያው ቀረ። ከላይ የታሰበው ልጅ በዚህ ጉዞ ውስጥ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ካለ ትምህርት ቤት በር ላይ ይቆማል። ዕድሜው 12 ሊሆን ይችላል። አማርኛውን አቀላጥፎ ይናገራል፤ ሲናገር የሰማው ሁሉ የዚሁ አገር ልጅ ይለዋል፤ ለዚህም ነው የአማርኛ ጽሑፍ ቀርቦለት ዝም ሲል የሚያስደነግጠው። ማንበብ የሚያውቀው በዐረብኛ ነው፤ ያንንም በጦርነቱ ምክንያት አቋርጦታል። በር ሲንኳኳ ይደነግጣል፤ የሚነገረውን ሳይሰማ ይቀራል፤ ሌሊት አይተኛም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቅጽ ላይ ሲሰፍሩ የመማር ችግር ካለበት ልጅ ምልክቶች ጋር በጣም ይመሳሰላሉ። አንደኛ ክፍል ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር ቢቀመጥ በኀፍረት ይወጣል። ስድስተኛ ክፍል ቢቀመጥ ምንም አይከተልም። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ለማግኘት ደግሞ አንድ ሰው ከእርሱ ጋር መቀመጥና በትዕግሥት መመርመር አለበት፤ በዐረብኛም፣ በአማርኛም፣ በዝምታም ጭምር።

የምርመራ ቅጽ ብዙውን ጊዜ የልጁን ስም፣ ዕድሜና ክፍል ይጠይቃል። እናቱ ወረቀቱን ስትቀበል ሌላ ሦስት ነገር እንዲጻፍላት ልትጠይቅ ትችላለች፤ በየትኛው ቋንቋ ተፈተነ፣ ከመፈተኑ በፊት ስንት ቀን ተማረ፣ እንደገና የሚፈተነውስ መቼ ነው? አራተኛው ጥያቄ ለወረቀቱ ሳይሆን ለጻፈው ሰው ነው፤ «ከነገ ጠዋት ጀምሮ ምን ትሠሩለታላችሁ?»